ያውቁ ኖሯል? ወንፈል ይመለሳል፣ ደቦ ይደገሳል

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ጎረቤት ለሥራ የሚጠራራው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ጎረቤትዎ አንድ ቀን ካረመልዎት፣ ነገ በእሱ ማሳ ያችኑ አንድ ቀን ይመልሳሉ። በደቦ ግን ባለማሳው እንጀራና ጠላ አሰናድቶ ብዙ ሰው ይጠራል፤ አጨዳው በዘፈንና በፉክክር ይፋጠናል። ለታመመ፣ በሬ ለሌለው ወይም ባሏ ለሞተባት ሲሆን ድግስ ሳይጠበቅም ይታረሳል፤ ከሁሉ የሚልቀው ይህ ነው።

ጎረቤት የሚገናኘው ለሥራ ብቻ አይደለም፤ የጽዋ ማኅበርም አለ። በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን የሚዘክሩ ማኅበርተኞች በየተራ ይደግሳሉ፤ ባለተራው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። የተኳረፉ ካሉ በዚያው ይታረቃሉ። ከተማ የገቡ ከሆነ የወላጆችዎን የማኅበር ቀን ይጠይቁና በዚያ ቀን ቤት ይገኙ።