ስለ ልደታ ፍሳሽና ስለ አትክልት ውኃ

በአዲስ አበባ ከልደታ የሚወርደው ፍሳሽ ከፊሉ በቧንቧ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ፥ ከፊሉም ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል። በዚህም ወንዝ ገበሬዎች ሰላጣና ጎመን ያጠጡበታል። በፍሳሹ ግን መድኃኒት የማይበግራቸው ተሐዋስያን አሉ፤ ይህን ኃይል የሚሰጣቸውም ዘረ መል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አትክልቱን በጥሬው በልቶ የታመመውን ሰው የተለመደው መድኃኒት ላያድነው ይችላል።

ተራ ማጣሪያ እድፉንና ሽታውን ቢቀንስም ይህን ሁሉ አያስቀርም። ሜምብሬን የሚባለው፥ ቀዳዳው ከሚሊሜትር 10,000ኛ እጅ የማይበልጥ ስስ ወንፊት ግን ተሐዋስያኑን ከነዘረ መላቸው ይይዛል፤ በውኃው ተነጥሎ የሚንሳፈፈውን ዘረ መል ለመያዝ ደግሞ ከዚህ የጠበበ ያስፈልጋል። በወንፊቱ የሚቀረውም ዝቃጭ ሳይታከም በእርሻ ላይ ሊበተን አይገባም።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ማጣሪያ እስኪዘረጋ ድረስ ሹማምንትና ባለይዞታዎች፥ በጥሬው የሚበላ አትክልት በዚህ ውኃ እንዳይጠጣ ገበሬውን ሊመክሩ ይገባቸዋል።