ጆሮ ሲደፈን
ስለ ኩክ ምልክትና ወደ ሐኪም ስለሚያስኬድ ጊዜ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው የተረቱት፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማስረዳት ነው። እኛ ግን ዛሬ ይህን ተረት ለቤተ ሰብ ጤና ምክር እናውለዋለን። ዐይኑ የደከመ ሰው ፊደሉ ሲደበዝዝበት ወዲያው ያውቀዋል፤ ጆሮው የተደፈነ ሰው ግን ጉድለቱ ከራሱ መሆኑን ሳያውቅ፤ ሰዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ይመስለዋል። ስለዚህ የጆሮን መደፈን ከባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስተውለው አብሮት የሚኖረው ቤተ ሰብ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፤ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጉንደ ወይን በሐሳብ እንሂድ። በዚያች ከተማ በእርቅና በሽምግልና የታወቁ አንድ አረጋዊ አሉ እንበል። ባላጋራዎች ቀርበው ነገራቸውን ሲያስረዱ፤ አረጋዊው ቃሉን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያስደግማሉ። በቤታቸውም የልጅ ልጃቸው «አባባ፥ ምሳ ቀርቧል» ሲላቸው መልስ ሳይሰጡ ይቀራሉ። ገሚሱ ሰው «ኮሩ» ይላቸዋል፤ ገሚሱም «አረጁ፤ ልባቸው ደከመ» ይላቸዋል። ከዚህ የተነሣ ለሽምግልና የሚጠራቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ከሰው መካከል ይርቃሉ። ነገር ግን አንድ የጤና ባለሙያ በመብራት ጆሯቸውን ቢመለከት፤ የሚያገኘው እርጅና ሳይሆን ቀዳዳውን የዘጋ የደረቀ ኩክ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰው ክብር በእንዲህ ያለ ጥቂት ነገር ሊጓደል የሚችል መሆኑ ነው ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን።

በመጀመሪያ፤ ኩክ ብዙዎች እንደሚያስቡት እድፍ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ኩክ በጆሮ ቀዳዳ መግቢያ አካባቢ ካሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ከሚመነጭ ቅባትና ከቆዳው ከሚረግፍ ቅርፊት የሚሠራ የተፈጥሮ ጠባቂ ነው። አቧራን ይይዛል፤ ውሃ ወደ ቆዳው እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ በሽታ አምጪ የሆኑትን ጥቃቅን ተሐዋስያንም ይቋቋማል። የቀዳዳው ቆዳ ደግሞ ከታምቡሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ስለሚጓዝ፤ ስንናገርና ስናኝክ በሚነቃነቀው መንጋጋ እየታገዘ፤ ያረጀውን ኩክ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ስለዚህ ጤነኛ ጆሮ ራሱን በራሱ ይጠርጋል። የኩክ መልክም ከሰው ወደ ሰው ይለያያል፤ የአንዱ እርጥብና ቡናማ፤ የሌላው ደረቅና ፍርፋሪ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ይህ ልዩነት ከወላጅ በሚወረስ ባሕርይ የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል፤ በአፍሪካና በአውሮፓ እርጥቡ፤ በምሥራቅ እስያ ደረቁ ይበዛል። እንግዲህ መልኩን አይተን ስለ ሰው ንጽሕና መፍረድ አይገባም።

ታዲያ ራሱን የሚጠርግ ጆሮ ስለ ምን ይደፈናል? ዋናው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የገዛ እጃችን ነው። በደጋው አገራችን እናቶቻችን ከብር የተሠራ ኩክ ማውጫ በአንገታቸው ክር አንጠልጥለው ይይዙ ነበር። አናቱ በመስቀልና በልዩ ልዩ ጌጥ የተዋበ፤ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነው ይህ ዕቃ፤ የአንጥረኞቻችን ጥበብ ምስክር በመሆኑ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ውስጥ ሳይቀር ተቀምጦ ይታያል። ጥበቡ የሚደነቅ፤ ጌጥነቱም ሊጠበቅ የሚገባው ነው፤ ወደ ጆሮ መስደዱ ግን ሊቀር ይገባል። ኩክ ማውጫ የሌለውም በክብሪት እንጨት፥ በስንደዶ፥ በብዕር ክዳን፥ በቁልፍ ወይም በጠጉር መያዣ ሽቦ ይኮረኩራል። ሠለጠንሁ የሚለውም ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት ይጠቀማል። የዐዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመጨረሻውም እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረው ታምቡር አለ። ጥጡ ከመግቢያው ጥቂት ኩክ ይዞ ቢወጣም፤ የቀረውን ወደ ታምቡሩ እየገፋ ይጠቀጥቀዋል። እጅ ሲያድጥ ወይም ልጅ ድንገት ገፋ ሲያደርግ ደግሞ፤ ቆዳው ይቆስላል፤ ታምቡሩም ሊበሳ ይችላል።

ሳይኮረኩሩም ጆሯቸው በቀላሉ የሚደፈንባቸው ሰዎች አሉ። ቀዳዳቸው በተፈጥሮ የጠበበ ወይም ጠጉር የበዛበት፤ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ፤ ኩካቸው በዕድሜ ምክንያት የደረቀባቸው ሰዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፤ ከ10 ሕፃናት አንዱን፤ ከ20 ጎልማሶች አንዱን፤ ከአረጋውያን ግን ከሲሶ የሚበልጡትን የተጠራቀመ ኩክ እንደሚያስቸግራቸው ተጽፏል። ይህ ቍጥር የሌላ አገር ቢሆንም፤ አረጋውያን በሚከበሩበት በእኛ አገር ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የመደፈኑ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፤ የመስማት ኀይል በአንድ ወይም በሁለት ጆሮ ቀስ በቀስ መቀነስ። ሁለተኛ፤ ጆሮ ሙሉ ሆኖ እንደ ታፈነ መሰማት። ሦስተኛ፤ በጆሮ ውስጥ ጭው ማለት ወይም መጮኽ። አራተኛ፤ ማሳከክና ቀላል ሕመም። አምስተኛ፤ አንዳንድ ጊዜ ማዞር። ስድስተኛ፤ ጕንፋን ሳይኖር የሚመጣ ደረቅ ሳል፤ ይኸውም ከጆሮ ቀዳዳ ጋራ የተያያዘው የስሜት ሥር ወደ ጉሮሮም የሚደርስ ስለ ሆነ ነው። ራሱን ታጥቦ ሲመለስ ድንገት ጆሮው ድፍን የሚልበትም ሰው አለ፤ ምክንያቱም ውሃ የነካው ኩክ አብጦ የቀረችውን ጥቂት ክፍተት ስለሚዘጋት ነው።

ወላጆችና መምህራን ደግሞ ልጆችን በተለይ እንዲያስተውሉ አደራ እንላለን። ሲጠራ የማይሰማ፤ ከኋላ ተቀምጦ የተነገረውን የሚያዛባ ልጅ ብዙውን ጊዜ «እንቢተኛ» ወይም «ደነዝ» ተብሎ ይቈጣል፤ አልፎም ይገረፋል። በጉንደ ወይን አቅራቢያ ያሉት ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስፍራዎች ናቸው፤ ቅኔም ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ ትምህርት ነው። አንዲት ቃል የጠፋችበት ተማሪ ሰሙን ቢያገኝ ወርቁ ያመልጠዋል። ስለዚህ ተማሪን ከመገሠጽ በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይሻላል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ጥቂት ነው። የማያስቸግር ኩክ ሳይነካ መተው አለበት፤ የውጭው ጆሮ በረጠበ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃል። ሕመምና ፈሳሽ ከሌለ፤ ታምቡሩም ተበስቶ የማያውቅ ከሆነ፤ ዐዋቂ ሰው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የጆሮ ማለስለሻ ወይም ንጹሕ የወይራ ዘይት ሊጠቀም ይችላል። ዘይቱ የሰውነትን ሙቀት ያህል ለብ ብሎ፤ በእጅ አንጓ ላይ ከተፈተነ በኋላ፤ በጐን ተኝቶ ጥቂት ጠብታ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መቈየት ነው። ይህም ከ3 እስከ 5 ቀን ይደረጋል። ኩኩ ሲርስ ለጊዜው ድፍንነቱ የሚብስ ሊመስል ይችላል፤ አያስደነግጥም። ከዚህ ወዲያ ካልተሻለ መቀጠል ሳይሆን መታየት ይገባል። የተጨመቀ ቅጠል፥ ነጭ ሽንኩርት፥ የጋለ ቅቤና ይህን የመሰለውን ሁሉ በጆሮ ማፍሰስ ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ ቍስልንም ያመጣል። በውጭ አገር በጆሮ ላይ እየበራ ኩክን ይስባል ተብሎ የሚሸጠው ሻማም ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም።

ወደ ሐኪም ሳይዘገዩ የሚኬድበት ጊዜ ደግሞ ይህ ነው። ብርቱ ሕመም፥ ትኩሳት፥ መግል፥ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር፤ ማዞሩ ሲበረታ፤ በራስ ላይ ከደረሰ ምት በኋላ ጆሮ ሲደማ፤ በሽተኛው የስኳር በሽታ ያለበት ወይም አስቀድሞ በጆሮው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሲሆን፤ በቤት ምንም ሳይነካ መታየት አለበት። የመስማት ኀይል በአንድ ጆሮ በድንገት፤ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ቢጠፋ፤ «ኩክ ነው» ብሎ መቈየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቶሎ ካልታከመ ላይመለስ የሚችል የውስጥ ጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላልና። ሕፃን ልጅ ሽምብራ ወይም አተር በጆሮው ቢከት፤ ጥራጥሬው ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ውሃ አይጨመርበት፤ በጕጠትም አይነካካ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በሐኪም እጅ የሚደረገው ጥረጋ ከቤቱ የሚለየው፤ ባለሙያው የሚነካውን ነገር አስቀድሞ የሚያይ በመሆኑ ነው። በመጀመሪያ መብራትና ማጉያ መስተዋት ባለው የጆሮ መመልከቻ ቀዳዳውንና ታምቡሩን ይመረምራል። ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታው፤ ወይ የሰውነትን ሙቀት ያህል በሞቀ ንጹሕ ውሃ ያጥበዋል፤ ወይ በቀጭን መሣሪያ እያየ ያወጣዋል፤ ወይ በመምጠጫ መሣሪያ ይስበዋል። ውሃው ቢቀዘቅዝ ወይም ቢግል በሽተኛውን ያዞረዋል፤ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነም መታጠብ አይገባውም። ስለዚህ በሽተኛው የቀድሞ ሕመሙን ሳይደብቅ መናገር አለበት። የጉንደ ወይን ሰው በመጀመሪያ በአቅራቢያው ባለው የጤና ተቋም ይታያል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ታላላቅ ሆስፒታሎች ይላካል። መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ፤ ነገሩ ገና ቀላል ሳለ መታየት ገንዘብንም ድካምንም ያተርፋል።

የመስማት ድካም ሁሉ ግን ከኩክ የሚመጣ አይደለም። እርጅና፥ የጥይትና የመኪና ጩኸት፥ ሥር የሰደደ የጆሮ መግል ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያው የመስማት ጉዳይ መግለጫ፤ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው ልዩ ልዩ ዐይነት የመስማት ጉድለት እንዳለበት፤ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰውም ከመቶው 60 ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። ከምክንያቶቹ ሁሉ ግን በአንድ ቀን ሕክምና ወዲያው መስማትን የሚመልሰው የኩክ መነሣት ስለ ሆነ፤ ምርመራው ከዚህ ቢጀመር መልካም ነው።

በመጨረሻም፤ በዳኝነት ወንበርና በመሥሪያ ቤት ላላችሁት አንባቢዎቻችን ይህን እናሳስባለን። ፊታችሁ የቀረበ ባለጉዳይ ቃላችሁን ሲያስደግም፤ ከመቈጣታችሁ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጉለት፤ ጆሮውንም እንዲያስመረምር ምከሩት። በቤታችሁም አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዝምታ ሲያበዙ፤ «አረጁ» ብላችሁ አትተዉአቸው፤ ይዛችኋቸው ወደ ሐኪም ሂዱ። እርጅና የመሰለው ነገር የኩክ ድፍን ሆኖ ቢገኝ፤ ያ አረጋዊ በዚያው ቀን ወደ ሸንጎው፤ ወደ ልጅ ልጆቹም ጨዋታ ይመለሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም፤ ለቤተ ሰቡ ባዳ ሊሆን አይገባውም።