ስለ ሸመታ፤ የቤት ቀለብ ከገበያ በምን ሥርዓት እንደሚገዛ

ሰው ለቤቱ የሚያስፈልገውን እህል ከገበያ ገዝቶ ማምጣቱ በቋንቋችን ሸመታ ይባላል። ጨርቅ ይገዛል፤ ላምና በሬም ይገዛል፤ እህል ግን ይሸመታል። አባቶቻችን ለዚህ ነገር ለብቻው ስም ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ልብስ ያጣ ሰው አሮጌውን ጥፎ እስከ ከርሞ ሊለብሰው ይችላል፤ ቀለብ ያጣ ቤት ግን እስከ ነገ መታገሥ አይችልም። ስለዚህ ቀድሞ በባላገር «እገሌ ሸማች ሆነ» ማለት ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነበረና ነገሩ በሐዘን ይነገር ነበር። ዛሬ ግን ከተሜው ቀለቡን ሁሉ ይሸምታል፤ ገበሬውም ጤፉን ሸጦ ጨውና ዘይት፥ ስኳርና ሳሙና ይገዛል። እንግዲህ ሸመታ የሁሉ ሰው ሥራ ከሆነ፥ ሥርዓቱን ማወቅም ለሁሉ ሰው ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ግን ሸመታን ከትምህርት አይቈጥረውም፤ የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገሩን ላስተዋለው ግን ባለሙያ የሆነች የቤት እመቤት በአንድ የገበያ ቀን የምትሠራው ሥራ ሒሳብንም፥ የወራትን ጠባይ ማወቅንም፥ የሰውን ልብ መመርመርንም ያጠቃለለ ነው። እርሷ ይህን ከእናቷ በቃል ተምራዋለች። በጽሑፍ ማኖራችን ዕውቀቱ ከአንድ ቤት ወደ ብዙ ቤት እንዲሻገር ነው።

1ኛ፤ ስለ ገበያ ቀን

በአገራችን የገጠር ገበያ ከጥንት ጀምሮ ቀን ተለይቶለት ይቆማል፤ በባቲ ሰኞ፥ በላሊበላ ቅዳሜ፥ በሰንበቴ እሑድ ነው። ቀኑ ከአገር አገር የተለያየው ነጋዴው ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው እየተዘዋወረ እንዲነግድ፥ ገበሬውም የቀረበት ነገር ቢኖር ከሌላው ገበያ እንዲያገኘው ነው። መገበያያውም እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል። ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል፤ ቀጥሎም 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የታተመበት የማርትሬዛ ጠገራ ብር ተስፋፋ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በ100 ሳንቲም የተከፈለው የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ገንዘቡ ቢለዋወጥም የሸማቹ ጥያቄ አልተለወጠም፤ ይኸውም ምን ልግዛ፥ መቼ ልግዛ፥ በምን ሰፍሬ ልግዛ የሚል ነው።

ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ በዋዜማው ቤቱን ይይ። ከጎተራው ምን ያህል እህል፥ ከማሰሮው ምን ያህል ሽሮ፥ ከጠርሙሱ ምን ያህል ዘይት እንደ ቀረ ሳያውቅ የሚወጣ፥ ያለውን ደግሞ ገዝቶ የጐደለውን ረስቶ ይመለሳል። በቤቱ የተማረ ልጅ ካለ የሚገዛውን በወረቀት ይጻፍ፤ ዋናውን ከላይ፥ ቢቀር የማይጎዳውን ከታች ያድርግ። ገንዘብ ያነሰ እንደ ሆነ ከታች እየሠረዙ መውጣት ነው።

ከገበያ ሲደርስም ከመጀመሪያው ሻጭ ፊት ቦርሳውን አይፍታ። መጀመሪያ ዞሮ ቢያንስ ከሦስት ሻጭ ዋጋ ይጠይቅ። እህልን ጧት መግዛት ይሻላል፤ ጥሩው ተመርጦ ሳያልቅ ነውና። ጎመንና ቲማቲም የመሰለ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ግን ወደ ማታ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሻጩ ተሸክሞት መመለስን አይወድምና። ደንበኛ መያዝ መልካም ነው፤ ደንበኛ ሻጭ ነውሩን አይሸሽግም፥ ምርቃትም ይጨምራል። ነገር ግን ምርቃቱ ልብን ደስ አሰኝቶ ስፍሩን እንዳያስረሳ መጠንቀቅ ይገባል።

2ኛ፤ ስለ ወራት

ዋጋ እንደ ወንዝ ውሃ ነው፤ የሚሞላበትና የሚጐድልበት ወር አለው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃልና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዋጋው ይረክሳል፤ ከግንቦት ጀምሮ ይነሣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉ የከፋ ነው። በበልግ አገር ግን አዲስ እህል በሰኔና በሐምሌ ስለሚገባ ነገሩ በመጠኑ ይለያል። የበርበሬ ዛላ ደርቆ በብዛት የሚወጣው በበጋው መግቢያ ነው፤ የዓመቱን በርበሬ ያን ጊዜ ገዝቶ መደለዝ ይገባል። ማር ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይቈረጣል። ቅቤ ሣር በሚበዛበት በመስከረምና በጥቅምት ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ፈላጊው ያንሳል፤ ለፋሲካ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ዶሮና እንቍላልም ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ይወደዳሉ። ሽንኩርት በክረምት ይጠፋል፥ የተገኘውም ቶሎ ይበሰብሳል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ተረት ለሸማችም ይሠራል።

አሁን ብዙ ቤት የሚጎዳበትን ነገር እንመልከት። ገበሬው በታኅሣሥ ዕዳ አለበት፤ ግብር፥ የማዳበሪያ ዋጋ፥ የልጅ ልብስ ይፈልጋል። ስለዚህ እህል በረከሰበት ወራት ይሸጣል፤ በነሐሴም ልጆቹ ሲራቡ ያንኑ እህል ከሌላ ሰው እጅ ይሸምታል። ለስሌት እንዲመች ቁናው በታኅሣሥ 10 ብር፥ በነሐሴ 15 ብር ነው እንበል። በታኅሣሥ 20 ቁና የሸጠ ሰው 200 ብር ይቀበላል። በነሐሴ ያንኑ 20 ቁና ለመመለስ 300 ብር ያስፈልገዋል፤ የተቀበለው 200 ብር ሳይነካ ቢቆየው እንኳ የሚሸምትለት 13 ቁና ከሢሶ ብቻ ነው። የቀረው ስድስት ቁና ከሁለት እጅ ሳይዘረፍና ሳይሰረቅ ከቤቱ ወጣ ማለት ነው።

አንዳንዱ «እህል ባኖረው ነቀዝ ይበላዋል» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህም ይሰላ። ከ20 ቁና 2ቱን ነቀዝ ቢበላው የቀረው 18 ቁና በነሐሴ ዋጋ 270 ብር ያወጣል፤ ከ200 ይበልጣል። እንግዲህ ዕዳን ለመክፈል የሚበቃውን ብቻ ሸጦ የቤቱን ቀለብ እስከ መስከረም ማኖር ይሻላል። ቢቻል በእህሉ ፈንታ በግ ወይም ዶሮ ይሸጥ፤ ወይም በእቁብ ገንዘብ አስቀድሞ ይጠራቀም። ዕዳው ግድ ብሎት የሚሸጠውን ሰው ግን ሰነፍ ማለት አይገባም፤ ጎረቤትና ማኅበር ሊደግፈው ይገባል እንጂ።

3ኛ፤ ስለ ስፍርና ስለ ሚዛን

ቁና፥ እንቅብ፥ ጣሳና ሲኒ ስፍር ናቸው፤ ኪሎና ኩንታል፥ የቡና ነጋዴ የሚቈጥረው ፈረሱላም ሚዛን ናቸው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል ነው። ስፍር የሚለካው እህሉ የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን የሚለካው ክብደቱን ነው። ጤፍ በመካከሉ ብዙ ክፍት ቦታ አይተውም፤ ገለባው ያልተለየ ገብስ ግን ብዙ ይተዋል። ስለዚህ አንድ ጣሳ ጤፍ ከአንድ ጣሳ ገብስ ይከብዳል። ደግሞም ያው ጤፍ በቀስታ ቢፈስስበት ጣሳው ቶሎ ይሞላል፤ ነቅነቅ ቢያደርጉት ይወርዳል። ሸማች እንግዲህ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ አለመጎድጎዱን በእጁ ይዳስስ፤ ከንፈሩ ተጠርጎ ወይም ተቈልሎ እንደሚሰፈርለትም አስቀድሞ ይስማማ።

ሚዛንን መፈተን ደግሞ ቀላል ነው። ባዶውን ሲሆን ምልክቱ ከዜሮ ላይ መቆም አለበት። ከዚህም በላይ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የውሃውን ጠርሙስ ባዶውን መዝኖ፥ አንድ ሊትር ውሃ ሞልቶ እንደገና ቢመዝኑት ልዩነቱ አንድ ኪሎ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሚዛኑ ይዋሻል። የገበያው ሽማግሌዎች ይህን በየጊዜው ቢያደርጉ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ጥቂት በጥቂት መግዛትም ዋጋ ያስወድዳል። አንድ ኪሎ ቡና 400 ብር፥ 50 ግራም የምትይዘው ሲኒ ደግሞ 25 ብር ናት እንበል። ኪሎው 20 ሲኒ ነውና በሲኒ የገዛው 500 ብር ይከፍላል። ድኃው በሲኒ የሚገዛው ሒሳብ ጠፍቶት አይደለም፤ 400 ብር ባንድ ጊዜ ከእጁ ስለማይገኝ ነው። ነገር ግን አራት ጎረቤታሞች መቶ መቶ ብር አዋጥተው ኪሎውን ቢገዙ ለያንዳንዳቸው 250 ግራም ይደርሳቸዋል፤ በየብቻቸው በ100 ብር በሲኒ ቢገዙ ግን የሚያገኙት 200 ግራም ነው። ቡናውን አብረው የሚጠጡ ሰዎች አብረው ቢገዙት ምን ያስቸግራል?

4ኛ፤ ዕቃውን ስለ መመርመር

ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ሳይሆን እጅን አግብቶ ከሥሩ ዘግኖ ማየት ነው። ጥቂቱን በብርጭቆ ውሃ ቢያደርጉት አፈር እንዳለው ውሃው ይናገራል። በርበሬ በዛላው እንጂ ተፈጭቶ ከማይታወቅ ሰው አይገዛ፤ በተፈጨው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ቢገባ ዓይን አይለየውም። ዛላውም ተሰብሮ ውስጡ ይታይ፤ ሻጋታ ካለበት ይተው። የሻጋታው መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ነው፤ ፀሐይም ምጣድም አያጠፋውም። ቅቤ በጥቂቱ ቀልጦ ይፈተን፤ የማይቀልጥ ባዕድ ነገር ከሥሩ ይዘቅጣል። ማር ግን ከስኳር ጋር ቢደባለቅ በዓይንና በምላስ መለየት ያስቸግራልና ከታወቀ ንብ አርቢ መግዛት ነው።

ስለ ጨው የተለየ ነገር እንናገራለን። በደጋው አገር ዝናብ አፈሩን ስላጠበው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በእህሉ ያንሳል፤ ከዚህም የተነሣ እንቅርት ይወጣል፤ እርጉዝ ሴት ያጣችው እንደ ሆነ የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ታዘዘ። ሸማች አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን እሽግ ጨው ይግዛ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ክዳን ባለው ዕቃ ያኑረው፤ ከወጡም ውስጥ ወደ ማውረጃው ይጨምረው፤ እሳት አዮዲኑን ያባክነዋልና።

በሱቅ ዕቃ ላይ የሚታተመው የማለቂያ ቀን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የእነርሱ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን በ8 ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ በ3ኛው ወር 2027 ያልቃል የሚል ዘይት የሚያልቀው በእኛ በመጋቢት 2019 ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያለፈበትን ዘይት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል።

5ኛ፤ ስለ ማኖርና ስለ ዱቤ

የተገዛ ነገር በደንብ ካልተቀመጠ እንዳልተገዛ ነው። እህሉ ሳይደርቅ ከጎተራ አይግባ፤ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ይበል። ምግብን ከነጭ ጋዝ፥ ከሳሙናና ከተባይ መድኃኒት ጋር ባንድ ከረጢት መሸከም አይገባም። መድኃኒት የተቀባ የዘር እህል ታጥቦም ቢሆን አይበላም። ከሁሉ ይልቅ መምህራን ደጋግመው ሊያስጠነቅቁ የሚገባቸው ስለ ነቀዝ ክኒን ነው። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኘው መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ከተቀመጠ እህል አድናለሁ ሲሉ ቤተ ሰብ ይገድላል። ሰውና ከብት ከሚያድሩበት ቤት ጨርሶ መራቅ አለበት፤ የግብርና ባለሙያ ሳይጠየቅም አይነካ።

ዱቤ ደግሞ በክፉ ቀን ይረዳል፤ ያልተጻፈ ዱቤ ግን ወዳጅ ያጣላል። ባለሱቁ በመዝገቡ ሲጽፍ ባለዕዳውም በልጁ ደብተር ቀኑን፥ የዕቃውን ዓይነት፥ ልኩንና ዋጋውን ያስጽፍ፤ በየወሩም መጨረሻ ሁለቱ መዝገቦች ይመሳከሩ። በሽማግሌ ፊት የሚቀርብ የዱቤ ክርክር አብዛኛው ከክፋት ሳይሆን ከመርሳት የተነሣ ነው፤ መርሳትንም ጽሑፍ ይፈውሰዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሒሳብ ስታስተምሩ ከሩቅ አገር ምሳሌ አትፈልጉ። ተማሪዎቹ ለአንድ ዓመት በየገበያው ቀን የጤፍን፥ የበርበሬንና የቅቤን ዋጋ ጠይቀው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፉ። ዓመት ሲሞላ የአገራችሁ ዋጋ በየትኛው ወር እንደሚነሣና በየትኛው እንደሚወድቅ የሚያሳይ መጽሐፍ በእጃችሁ ይኖራል፤ ገበሬውም ከመሸጡ በፊት መጥቶ ይጠይቃችኋል። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ የታመነ አንድ ጣሳና አንድ የተፈተነ ሚዛን በገበያው መካከል አኑሩ፤ የተጠራጠረ ሁሉ ያለ ጠብና ያለ ስድብ ከዚያ ይለካ። ልጅ ደብተሩን ይዞ ከእናቱ ጋር ገበያ ሲወርድ፥ እናቱ የሸመታን ዕውቀት ለእርሱ፥ እርሱም የጽሑፍን ጥቅም ለእናቱ ያስተምራሉ፤ በነሐሴም የቤቱ ጎተራ ያን ትምህርት ይመሰክራል።