ተማሪዎች ስለሚያሳዩት ቴአትር

ብዙ ሰዎች ቴአትር የሚለውን ቃል ሲሰሙ የዘፈንና የእስክስታ ጨዋታ ብቻ ይመስላቸዋልና፣ አስቀድሞ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ቴአትር ማለት አንዱን ታሪክ በቃል በመተረክ ፈንታ፣ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሲነጋገሩና ሲሠሩ በሕዝብ ፊት ማሳየት ነው። አንዱ ተማሪ ዳኛውን፣ ሌላው ከሳሹን፣ ሦስተኛው ተከሳሹን ይሆናል፤ የሚናገሩትም ቃል አስቀድሞ ተጽፎ በቃል የተጠና ነው።

«ልጄን ፊደል እንዲቈጥር ሰጠሁት እንጂ ጨዋታ እንዲጫወት አልሰጠሁትም» የሚል አባት በየመንደሩ አይታጣም። ይህ አባት ሞኝ አይደለም። ልጁን ከእረኝነትና ከእርሻ ሥራ ለይቶ ለትምህርት የሰጠ ሰው፣ የልጁ ጊዜ በምን እንደሚያልፍ ቢጠይቅ የሚገባው ነው። ስለዚህ መምህሩ መልስ ሊሰጠው እንጂ ሊቈጣው አይገባም።

መልሱም ሩቅ አይደለም። በቀድሞው ዘመን የነበረውን የሙግት ሥርዓት ሽማግሌዎቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተው ያውቁታል። ተሟጋቹ በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ፣ ድምፁን አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ እያደረገ ይናገር ነበር። አፉ የተሳሰረ ሰው ግን እውነቱን ይዞ ሳለ ተረትቶ የሚመለስበት ጊዜ ነበረ። ዛሬም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ልጁ ነገ በፍርድ ቤት መብቱን፣ በጤና ጣቢያ ሕመሙን፣ በስብሰባ ላይ አሳቡን ማስረዳት ይኖርበታል። ዐሥር ዓመት ተምሮ በሰው ፊት ሲቆም ቃል የሚጠፋበት ከሆነ፣ አባቱ የደከመበት ነገር ጐደሎ ሆነ ማለት ነው።

ለንባብም የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ብዙ ተማሪ ሲያነብ ፊደሉን ይከተላል እንጂ ነገሩን አይከተልም፤ ጥያቄውንም፣ ቍጣውንም፣ ልመናውንም በአንድ ዜማ ያወርደዋል። በቴአትር ግን የሚለምን ሰው ሆኖ ሲቆም፣ የሚለምነው ምን እንደ ሆነ ሳያስተውል ሊናገር አይችልም። ደግሞም በራሱ ስም ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ፣ የሌላውን ሰው ቃል ሲናገር ድፍረት የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ እንዳይመስል ጥቂት ታሪክ እንናገር። በሩስያ አገር የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓመታት «የአውሬዎች ኮሜድያ» የሚባለውን ቴአትር ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። ይህም በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ነው። ነገር ግን የመንግሥት ሹማምንትን የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። በኋላ ቴአትር እንደ ገና የበረታው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። የቅኔ አገር በሆነችው በጎጃም በደብረ ኤልያስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩት ዮፍታሔ ንጉሤ፣ በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ሳሉ የጻፏቸውን ቴአትሮች ተማሪዎች ተጫወቱላቸው። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ይህን ሥራ ከያዘው፣ ቴአትር የሃይማኖት ተቃራኒ ነው ማለት አይቻልም። በ1927 ዓ.ም. ጦርነት ሲቃረብ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ታላቅ አዳራሽ ተከፈተ።

ከመጀመሪያው ቴአትር መከልከል መምህሩ አንድ ነገር ይማር። በመንደር ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃልና፣ በጨዋታው ውስጥ ስስታም ባለ ወፍጮ ቢገባ፣ ያገሩ ባለ ወፍጮ «ይህ እኔን ነው» ብሎ ይቀየማል፤ ትምህርት ቤቱም አንድ ወዳጅ ያጣል። በሰው ፈንታ አንበሳና ቀበሮ ቢደረግስ? ይሻላል፤ ነገር ግን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትንም አውሬዎቻቸው አላዳኗቸውም።

ስለዚህ ጥናቱ ሳይጀመር መምህሩ ወደ ሽማግሌዎች ይሂድና «ልጆቻችን የሚጫወቱት አንድ የቈየ ተረት ወይም የሙግት ታሪክ ስጡን» ብሎ ይለምን። የሰሙትን ጽፎ ደግሞ ያንብብላቸው። «ዳኛ እንዲህ አይናገርም፤ ዋስ ሳይጠራ እንዴት ይፈርዳል?» ብለው ያርሙታል። ታሪኩን የሰጠና ቃሉን ያረመ ሽማግሌ፣ ሌላው ሰው ሲነቅፍ መምህሩ ሳይጠየቅ እርሱ ይመልስለታል። ካባውንና በርኖሱንም የሚያውስ እርሱ ነው።

የሴቶች ልጆች ነገር ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀድሞ ጊዜ የሴቷን ቦታ ወንዶች ልጆች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ይህ አስፈላጊ አይደለም። ነገር ግን ጥናቱ በቀን ይሁን፤ እናት ወይም እኅት ብትፈልግ ተቀምጣ ትመልከት፤ ልጅቱም ሳይመሽ ወደ ቤቷ ትመለስ። ያለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

ጊዜው መኸር ከገባ በኋላ ይሁን፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን አይደረግ። ቦታው የዋርካ ጥላ፣ መጋረጃው በገመድ የተሰቀለ ሁለት ጋቢ ይበቃል። ከወላጆች ገንዘብ አይጠየቅ። ጨዋታው ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ዓይን አፋሩ ልጅ መጀመሪያ ደብዳቤ የሚያመጣ አሽከር ሆኖ አንድ ቃል ብቻ ይናገር፤ በሚመጣው ዓመት ምስክር ይሆናል።

የሙግት ታሪክ የተመረጠ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ሊፈርድ ሲነሣ ጨዋታው ጥቂት ይቁምና ከተመልካቾቹ መካከል ሽማግሌዎቹ ፍርዳቸውን እንዲናገሩ ይጠየቁ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ የተጻፈውን ፍርድ ያሳዩ። ሁለቱ ፍርዶች ባይስማሙ ትልቅ ክርክር ይነሣልና፣ መምህሩ ሕዝቡን ለመበተን አይቸኩል።