የበጋ ነፋስ በእስራኤል የውኃ ዳርቻዎች፦ ለካይት ሰርፊንግ ስፖርተኞችና ለቤተሰቦች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በእስራኤል ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያሉት ወራት ዝናብ የማይታይባቸው የበጋ ወራት ናቸው። በኢትዮጵያ እነዚሁ ወራት በአብዛኛው ክረምት በመሆናቸው፣ ከዚያ የመጡ ወላጆች ወቅቱን የሚያውቁት በዝናቡ ነው። በእስራኤል የባሕር ጠረፍ ግን ይህ ጊዜ በየቀኑ ማለት ይቻላል ነፋስ የሚነፍስበት፣ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበትና ወጣቶች ወደ ውኃ የሚጎርፉበት ወቅት ነው። በኔታንያ፣ በሐደራ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን የሚኖሩ በርካታ የማኅበረሰቡ ቤተሰቦች ከባሕሩ የሚርቁት በአጭር ጉዞ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣቶችን እየሳቡ ካሉ የውኃ ስፖርቶች አንዱ ካይት ሰርፊንግ ነው። ስፖርተኛው በሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በረጃጅም ገመዶች ከወገቡ ጋር የተያያዘ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ በነፋስ እየጎተተው በውኃው ላይ ይንሸራተታል። ስፖርቱ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድርነት ቀርቧል። እስራኤልም በነፋስ ኃይል በሚካሄዱ የውኃ ስፖርቶች የቆየ ታሪክ አላት፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ በ2004 በአቴንስ ያስገኘው ጋል ፍሪድማን በሸራ ሰርፊንግ ነበር።

ይህ ማብራሪያ የበጋው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣ በየሥፍራው እንዴት እንደሚለያይና ዜጎች ወደ ውኃ ከመግባታቸው በፊት ምን ማረጋገጥ እንደሚገባቸው ያስረዳል።

የነፋሱ መነሻ

ፀሐይ ስትወጣ የብስ ከባሕር ፈጥኖ ይሞቃል። በየብስ ላይ ያለው የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲነሣ፣ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ለመሙላት ወደ ዳርቻው ይገባል። ይህ የባሕር ነፋስ በረፋዱ ይጀምራል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። ሌሊት ሂደቱ ይገለበጣል፤ የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ደካማ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል።

የአየር ትንበያ በሚነበብበት ጊዜ ሁለት ነጥቦችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ነፋስ የሚሰየመው በመነሻው መሆኑ ነው። «የምዕራብ ነፋስ» ማለት ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በባሕር ላይ የነፋስ ፍጥነት በአብዛኛው በኖት የሚለካ መሆኑ ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያሳድረው ግፊት በአራት እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም በ10 ኖት በቀላሉ የሚታዘዝ ክንፍ በ20 ኖት ጀማሪን ከመሬት ሊያነሣ ይችላል።

ከኃይሉ ይልቅ አቅጣጫው

ብዙዎች አደጋን የሚለኩት በነፋሱ ጥንካሬ ነው። ይሁን እንጂ ይበልጥ ወሳኙ ነፋሱ የሚወስድበት አቅጣጫ ነው። ከባሕር ወደ ዳርቻ የሚነፍስ ነፋስ የደከመን ሰው ወደ የብስ ይመልሳል። ከዳርቻ ወደ ውኃ የሚነፍስ ነፋስ ግን ደካማ ቢሆን እንኳ ፍራሽን፣ ሰሌዳንና ሰውን ወደ ጥልቁ ይወስዳል።

አሳሳቹ ነገር፣ ነፋሱ ከየብስ በሚነፍስበት ጊዜ ከዳርቻው አጠገብ ያለው ውኃ ጸጥ ብሎ የሚታይ መሆኑ ነው። ሞገዱ የሚነሣው ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ባሕሩ እንደ መስተዋት ረግቶ በሚታይበት ማለዳ፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ልጆችን በአየር በተሞላ ፍራሽ ወደ ውኃ መስደድ አደገኛ ነው።

የሜዲትራኒያን ጠረፍ

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ጠረፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋና በአብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። የበጋው የቀን ነፋስ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ወደ ዳርቻው በቀጥታ ወይም በአግድሞሽ ይገባል። በሐይፋ የሚገኘው ባት ጋሊምና ከኔታንያ በስተሰሜን ያለው ቤት ያናይ በካይት ስፖርተኞች ዘንድ የታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ነፋስ ሰውን ወደ የብስ የሚመልስ መሆኑ ሥጋትን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። በዳርቻው ላይ ዐለት፣ የድንጋይ ማዕበል መከላከያ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ፣ ነፋሱ ስፖርተኛውን የሚገፋው ወደዚያው ነው። በተጨማሪም ወደ ዳርቻ የገባው ውኃ ተመልሶ በጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ የሚሄድበት ኃይለኛ ጅረት ሊፈጠር ይችላል። በዚህ ጅረት የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው ለመዋኘት መታገል የለበትም፤ ጅረቱ ጠባብ በመሆኑ ከዳርቻው ጎን ለጎን በመዋኘት መውጣትና ከዚያ መመለስ ይችላል።

የኪኔሬት ሐይቅ

የኪኔሬት ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ በተራሮች የተከበበ ሐይቅ ነው። በበጋ ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ጸጥተኛ ነው። ከሜዲትራኒያን የተነሣው ነፋስ የገሊላን ተራሮች አቋርጦ ከቀኑ 8 ሰዓት (14:00) አካባቢ ሲደርስ፣ ቁልቁል እየወረደ ፍጥነት ስለሚጨምር ሐይቁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይናወጣል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያደጉ አረጋውያን ማለዳ የተኛ ውኃ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ ከልምዳቸው ያውቃሉ። በኪኔሬት ግን ለውጡ እጅግ ፈጣን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሐይቅ ሁለቱ ዳርቻዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ በምሥራቁ ዳር በዔን ጌቭ አካባቢ ወደ የብስ ይገፋል። በምዕራቡ ዳር በቲቤሪያስ አካባቢ ግን ከየብስ ወደ ሐይቁ መሐል ይገፋል። ጠዋት ያለ ችግር በፍራሽ ላይ ሲጫወት የዋለ ልጅ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሥፍራ ወደ መሐል ሊወሰድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በምዕራቡ ዳርቻ በአየር የሚሞሉ ዕቃዎችን ነፋሱ ከመግባቱ አስቀድሞ ከውኃ ማውጣት ይገባል።

ኤላት

በኤላት የሚነፍሰው በአብዛኛው የሰሜን ነፋስ ነው። ነፋሱ በዓረባ ሸለቆ ተጠብቦ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። በሰሜኑ ዳርቻ ይህ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር የሚወስድ ነው። ባሕረ ሰላጤው ጠባብና ከዮርዳኖስና ከግብፅ ጋር የሚዋሰን በመሆኑ፣ ተነድቶ የራቀ ስፖርተኛ ከድካሙ ሌላ ድንበር የማለፍ ሥጋት ይገጥመዋል። ለጀማሪዎች ያለ አሰልጣኝና ያለ አጃቢ ጀልባ በዚያ መውጣት አይመከርም።

ወደ ውኃ ከመግባት በፊት

• የእስራኤል ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት የሚያወጣውን የባሕር ትንበያ መመልከት፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የሞገዱን ከፍታ ማየት።
• የነፍስ አድን ሠራተኛ ያለበትንና ዋና የተፈቀደበትን ዳርቻ መምረጥ። በ1964 የወጣው የመታጠቢያ ሥፍራዎች ሕግ የዋና ሥፍራዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ በየዳርቻው የተተከሉ የክልከላ ምልክቶች መከበር አለባቸው።
• ባንዲራውን መመልከት። ነጭ ባንዲራ ባሕሩ ለዋና ምቹ መሆኑን፣ ቀይ አደገኛ መሆኑን፣ ጥቁር መግባት የተከለከለ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ባንዲራ ስለ ዋና እንጂ ስለ ካይት ስፖርት ምቹነት አይናገርም።
• ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን የምልክቶቹን ትርጉም አስቀድመው እንዲያውቁ የቤተሰብ አባላት ማስረዳት ይገባቸዋል።

ለካይት ስፖርተኞች

• ስፖርቱ ከቪዲዮ ብቻ የሚለመድ አይደለም። ወላጆች ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት አሰልጣኙ የማሠልጠኛ የምስክር ወረቀትና የመድን ሽፋን እንዳለው መጠየቅ መብታቸው ነው።
• ለጀማሪ ከ12 እስከ 15 ኖት የሚደርስ የተረጋጋ ነፋስ ተስማሚ ነው። ነፋሱ በድንገት የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ መተው ይሻላል።
• የክንፉ ገመዶች ብዙውን ጊዜ ከ20 ሜትር በላይ ርዝመት አላቸው። ስለዚህ ከዋናተኞች ክልል ውጭ፣ ከሰው ቢያንስ የሁለት ገመድ ርዝመት ርቆ መሥራት ያስፈልጋል።
• ክንፉን ከነፋሱ ኃይል በቅጽበት የሚለየውን የድንገተኛ መልቀቂያ ከመውጣት በፊት በየብስ ላይ መሞከር ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።
• ብቻን አለመውጣት፤ የሚመለሱበትንም ሰዓት በዳርቻ ላለ ሰው መንገር።

አደጋ ሲያጋጥም

በነፋስ ወደ ጥልቁ የተወሰደ ሰው ከፍራሹ ወይም ከሰሌዳው መለየት የለበትም። የሚያንሳፍፈውም፣ ከሩቅ እንዲታይ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ነፋሱን ተቃርኖ መዋኘት ጉልበትን ይጨርሳል፤ እጅን ከፍ አድርጎ ማውለብለብ ይሻላል። በዳርቻ ያለ ሰው ደግሞ ያለ ተንሳፋፊ መሣሪያ ተከትሎ ከመግባት ይቆጠብ፤ ይልቁንም ሰውየው ያለበትን አቅጣጫ ከዓይኑ ሳያጠፋ ለነፍስ አድን ሠራተኛው ያሳውቅ።

ለአስቸኳይ እርዳታ ፖሊስ በ100፣ የማጌን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ በ101 ይገኛሉ። በአንድ ዳርቻ ላይ የወደቀ ምልክት፣ የተበላሸ አጥር ወይም ሌላ ጉድለት ያስተዋሉ ነዋሪዎች በአብዛኞቹ ከተሞች በሚያገለግለው የማዘጋጃ ቤት የስልክ መስመር 106 ማሳወቅ ይችላሉ። ደዋዩ የዳርቻውን ስም አስቀድሞ ካወቀ ባለሙያዎች ወደ ሥፍራው በፍጥነት እንዲደርሱ ያግዛል።