ምርመራው ደህና ሲል፣ ሰውነት ግን ሲያም

 

የዛሬው ትምህርታችን ፋይብሮማያልጂያ ስለሚባል በሽታ ነው። ስሙ ረጅም ነው። ቀስ ብለን እናንብበው፦ ፋይ-ብሮ-ማያል-ጂያ። የጅማትና የጡንቻ ሕመም ማለት ነው።

እስቲ አንዲት የአሰቦት እናት እናስብ። ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። ጧት ስትነሣ ግን እንዳልተኛ ሰው ይደክማታል። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ወገቧንና ጭኗን ያማታል። ያሰበችው ነገር ቶሎ ይጠፋባታል። ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ቆይቷል። ደሟ ተመረመረ፤ ራጅም ተነሣች። ምንም አልተገኘም። ቤት ስትመለስ አንዱ «ብርድ ነው» ይላታል። ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሥራ ጠልታ ነው» ይላል። ይህ ቃል ከሕመሙ ይብሳል።

ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው? ሕመሙ እውነት ነው። ምርመራውም አልዋሸም። ይህ እንዴት ይሆናል?

ከብት የሚጠብቅ ውሻ አላችሁ እንበል። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ይህ ጥሩ ነው። አንዳንድ ውሻ ግን ነፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ወጥታችሁ ብታዩ ጅብ የለም። ጩኸቱ ግን እውነት ነው፤ እንቅልፍ ነሥቷችኋል። በሰውነታችን ውስጥ የውሻውን ሥራ የሚሠሩት ነርቮችና አንጎል ናቸው። በዚህ በሽታ ትንሹን ነገር እንደ ትልቅ ሕመም ይቆጥሩታል። የደም ምርመራና ራጅ ጅቡን ይፈልጋሉ እንጂ የውሻውን ጩኸት አያሳዩም።

በሽታው በብዙ አገር አለ። በተጠኑ አገሮች ከ100 ሰዎች 2 ወይም 3 ያህሉን ይይዛል። ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ወንዶችንም ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንጓን አያበላሽም፤ አካልን አያጣምምም።

ነገር ግን ሰውነትን የሚያም ሁሉ ፋይብሮማያልጂያ አይደለም። አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ከከብት፣ ከፍየልና ከግመል በጥሬ ወተት ይተላለፋል። እሱም ቁርጥማት፣ ትኩሳትና ላብ ያመጣል፤ በመድኃኒትም ይድናል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ሰውነትን ያደክማሉ። ትኩሳት ካለ፣ አንጓ ካበጠ፣ ሰውነት ከከሳ፣ እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕመሙን መቀነስ ግን ይቻላል።

አንደኛ፣ ሰውነትን በልክ ማንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ የሪህ ሐኪሞች ባወጡት መመሪያ ከሁሉ አስበልጠው የመከሩት ይህንኑ ነው። ፀሐይ ሳትከርር፣ ጧት ወይም ወደ ማታ 5 ደቂቃ ተራመዱ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩበት። መጀመሪያ ላይ ሊያም ይችላል፤ አትደንግጡ።

«አይ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውል የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ከባድ ሸክምና ቀስ ያለ እርምጃ ግን አንድ አይደሉም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በሁለት አካፍሉት፤ ልጆችና ባልም ያግዙ። ደህና በሆናችሁበት ቀን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። በማግሥቱ ትወድቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ነው። በአንድ ሰዓት ተኙ፤ በአንድ ሰዓት ተነሡ። ጫት እንቅልፍ ይነሣል። የማታ ቡናም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት ነው። ሐኪም ካመነበት አሚትሪፕቲሊን የሚባል ኪኒን በትንሽ መጠን ማታ ማታ ያዛል። እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ሕመምንም ያስታግሣል። ሁሉንም ሰው ግን አይረዳም፤ ለሁሉም አይስማማም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱት።

«መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ስሕተት ነው። የዲክሎፌናክ መርፌ ለዚህ በሽታ እምብዛም አይረዳም። ሲደጋገም ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ትራማዶል ደግሞ ሱስ ይሆናል። ፍየል ሸጦ መርፌ ለመርፌ መዞር ገንዘብንም ጤናንም ይጨርሳል።

አራተኛው መድኃኒት ከቤተሰብ ይገኛል። «አምንሻለሁ፤ ምን ላግዝሽ?» ማለት ነው። ሐሳብና ኀዘን ሕመሙን ያብሳሉ። የሚያምናት ሰው ያላት ሴት መራመድ ልትጀምር ትችላለች፤ እንቅልፍም ሊመለስላት ይችላል።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደህና ሁኑ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምርመራው ደህና እያለ ሰውነት ለምን ያማል?
2. የትኞቹ ምልክቶች ሲታዩ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብን?
3. በቤታችሁ የሚታመም ሰው ቢኖር የትኛውን ሥራ ታግዙታላችሁ?