የጥይት አረር ወገቡ ላይ ቦይ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ለታሪክ ተማሪ የምኒልክ ቀዳሚ መናገሻ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ደግሞ የጠብመንጃ አሠራር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ከሥሩ የተለወጠበትን ዘመን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1887 ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠብመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ የሸጠው በእንጦጦ ተደራድሮ ነበር። ጠብመንጃዎቹ በዚያን ጊዜ እንኳ ያረጁ ባለካፕሱል ነበሩ። ባሩዱና አረሩ በየራሳቸው በአፈሙዙ ስለሚገቡ፣ አረሩን ከቀለህ ጋር የማጣበቅ ጥያቄ ከቶ አይነሣም።

ጥያቄው የመጣው ከናስ ቀለህ ጋር ነው። ሙሉ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ናቸው። በአንዳንድ አረሮች ወገብ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ጠባብ ቦይ ይታያል። ፋብሪካው የቀለሁን አፍ ወደ ውስጥ አጥፎ በዚህ ቦይ ውስጥ ያሳርፈዋል። ቦይ በሌለው አረር ላይ አፉን አጥብቆ ማጠፍ አረሩን ያበላሻል፤ ወይም የቀለሁን ግድግዳ ያሳብጠዋል። ታዲያ ቦዩ ይህን ያህል ከጠቀመ ሁሉም አረር ለምን የለውም?

መልሱን በአገራችን ውጅግራ እየተባለ የታወቀው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠብመንጃ ይሰጠናል። የውጅግራ አረር 25 ግራም የሚመዝን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ልሙጥ እርሳስ ነው። ቦይ አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም ጥቁሩ ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ስለሚይዘው አረሩ ወደ ውስጥ የሚሰምጥበት ባዶ ቦታ የለም። ከዚህም ሌላ ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ስለዚህ ተራውን እየጠበቀ በጠብመንጃው ውስጥ የሚናወጥ ጥይት አይኖርም። (የውጅግራ ጥይት በዚያ ዘመን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር እንደነበር ማስታወስ ደስ ያሰኛል።)

ሁለቱም ሁኔታዎች የተለወጡት እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ነው። አዲሱ ባሩድ በጥቂት መጠን ብዙ ኃይል ስለሚሰጥ በቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ሊተርፍ ቻለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ለበን ደግሞ ስምንት ጥይቶችን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ በሰልፍ ይይዛል፤ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀመጫ ይነካል።

አሁን ርግጫውን እናስላ። የውጅግራ አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ሲወጣ፣ 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠብመንጃ የጋዙን ድርሻ ሳንቆጥር በሴኮንድ 2.7 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። በጥይት መያዣ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ጥይቶች ቢኖሩ በኢነርሺያ፣ ማለትም ባሉበት ለመቆየት ባላቸው ጠባይ፣ ወደ ኋላ ከሚሄደው ጠብመንጃ አንጻር ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። በሣጥን መያዣ ውስጥ ጫፋቸው ከፊተኛው ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ በቱቦ ውስጥ ደግሞ ሞላው መልሶ እርስ በርስ ያላትማቸዋል። በላላ ቀለህ ውስጥ ያለ አረር በየምቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። አረሩ ሲሰምጥ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ሲጨምር ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚነድ ጭማሪው ራሱን ያባብሳል። በሚሊ ሜትር የሚቆጠር መስመጥ ጠብመንጃን በተኳሹ ፊት ሊያፈነዳ ይችላል። ጥይት በቤት የሚያዘጋጁ ሰዎችን በየአገሩ ለአካል ጉዳት ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ በእኛ አገርም ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።

በሽክርክሪት ሽጉጥ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቀለሁ በከንፈሩ ተይዞ ከሽጉጡ ጋር ወደ ኋላ ሲሄድ አረሩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይመዘዛል፤ ወደ ፊት ወጥቶም የሽክርክሪቱን መዞር ሊያግድ ይችላል። ኃይለኛ የሽክርክሪት ጥይቶች አረራቸው ባለቦይ መሆኑ የተለመደው ስለዚህ ነው።

በአንጻሩ የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ሽጉጥ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ልኩን የሚይዘው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ነው። ያን ጠርዝ ወደ ውስጥ ቢያጥፉት ጥይቱ ከልኩ አልፎ ይገባል። ስለዚህ አረሩን የሚይዘው የቀለሁ ግድግዳ ጥብቀት እንጂ በቦይ ውስጥ የታጠፈ አፍ አይደለም።